የንግሥት አኮ ማኖዬ ተረትና የተራኪው ብሶት

ተረት ያለ ተራኪ አይገኝም፤ ተራኪም ያለ ብሶት አይኖርም። ስለዚህ ጥንታዊ ታሪክን የሚመረምር ተማሪ፣ የተነገረውን ነገር ብቻ ሳይሆን የተናገረውንም ሰው ሊመረምር ይገባዋል። ይልቁንም ስለ ሴቶች በተነገረው ነገር ላይ ይህ ጥንቃቄ እጅግ ያስፈልጋል።

በጌዴኦና በጎረቤቱ በጉጂ ኦሮሞ ዘንድ በአፍ ሲነገር የኖረ አንድ ተረት አለ። ይኸውም በየ8 ዓመቱ ሥልጣን የሚተላለፍበት «ባሌ» የተባለው የጌዴኦ ሥርዓት ከመቆሙ በፊት፣ አኮ ማኖዬ የምትባል ንግሥት ሕዝቡን ትገዛ ነበር የሚል ነው። አተራረኩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ንግሥቲቱ ወንዶቹን የማይቻል ሥራ ታዝዛቸው ነበር፤ እነርሱም ትእዛዙ ቢመራቸው በብልሃት አጠፏት ይባላል። ከዲላ በስተ ሰሜን ያሉት ሲዳማዎችም ስለ ንግሥት ፉራ ይህን የመሰለ ታሪክ አላቸው። ፉራ ፈጣን እንስሳ እንዲያመጡላት ብታዝዝ፣ ወንዶቹ በቀጭኔ ላይ አስረው ለቀቋትና ሰውነቷ በየስፍራው ተበታተነ ይላሉ።

እንግዲህ የንግሥቲቱ ኃጢአት ምን ነበር? ወንዶቹን ያለ ዕረፍት ማዘዟ ነው። ነገር ግን በአገራችን እንሰት የምትፍቅ፣ ቆጮ የምታዘጋጅ፣ ውሃ የምትቀዳና እንጨት የምትለቅም ማን ናት? ሴቲቱ ስትታዘዝ ወግ የተባለው ነገር፣ ወንዱ ሲታዘዝ ግፍ ተባለ። ከዚህ የምንረዳው፣ ተረቱ ስለ አኮ ማኖዬ ጠባይ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ተራኪዎቹ ፍርሃት የሚነግረን መብለጡን ነው።

ይህ ነገር በአፍ ተረት ብቻ የሚታይ አይምሰለን። ሊዮ ቶልስቶይ የተባለው ታላቁ የሩሲያ ደራሲ፣ በትዳሩ ውስጥ ጠብ በበረታበት ዘመን፣ በ1889 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «ክሮይዘር ሶናታ» የተባለውን ታሪክ ጽፎ ጨረሰ። በዚያም ውስጥ በቅናት ተቃጥሎ ሚስቱን የገደለ አንድ ሰው፣ ጋብቻንና ሴቶችን ሲወቅስ እናገኛለን። ባለቤቱ ሶፊያ ታሪኩን ስታነብ ነቀፋው በእርሷ ላይ እንዳረፈ ተሰማት። ስለዚህ «የማን ጥፋት ነው?» የሚል የራሷን ታሪክ ጽፋ መለሰች፤ መልሷ ግን የታተመው በ1994 ዓ.ም.፣ ከሞተች ከ75 ዓመት በኋላ ነው።

ሶፊያ ብትዘገይም ብዕር ነበራት፤ አኮ ማኖዬ ግን ብዕር አልነበራትም። ቢሆንም የሴቶቹ ድምፅ ፈጽሞ አልጠፋም። በሲዳማ ወንዶቹ የፉራን ሞት እንደ ድል ሲተርኩት፣ ሴቶቹ በሐዘን ያነሷታል ይባላል። አንዱ ሞት ለአንዱ ድል፣ ለሌላው ልቅሶ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ስንል ብሶት ያለበት ተራኪ ሁሉ ውሸታም ነው ማለታችን አይደለም። ብሶቱም ራሱ ታሪክ ነውና ሊጠና ይገባል፤ ነገር ግን ለብቻው ተሰምቶ ፍርድ ሊሰጥበት አይገባም። ዳኛም ቢሆን ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም።

«አኮ» በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው። ስለዚህ፣ ውድ ተማሪዎች ሆይ፣ ከአያቶቻችን የሰማነውን የንግሥቲቱን ታሪክ፣ አሁን ደግሞ ከሴት አያቶቻችን እንጠይቅ። ሁለቱንም አተራረክ የተነገረበትን ቀበሌ ጨምረን ጎን ለጎን እንጻፍ። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ፍርዱን የሚሰጠው ያን ጊዜ ነው።