ግንባሩ የራቀ አዝማሪ

በብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ በተደጋጋሚ የሚገኝ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ ውጉዝ እንዲሆን የሚያዝ። እኔን ዘወትር የሚያስገርመኝ በግዝቱ ውስጥ የገባው ሳይሆን የቀረው ነው። ‹‹የቀዳ›› የሚል አላጋጠመኝም። መቅዳትማ በረከት ነበር። ቁም ጸሐፊው ወራት ሙሉ አጎንብሶ ዳዊቱን ሲገለብጥ ዋጋውን የሚቀበለው ስለ እጁ ድካም እንጂ ስለ ቃሉ አልነበረም፤ ቃሉማ የንጉሥ ዳዊት ነው፣ ማን ሊያስከፍልበት! ነውሩ ሁለት ብቻ ነበር፤ መጽሐፉን ከባለቤቱ መውሰድና በብራናው ላይ ያለውን ስም ፍቆ የራስን መተካት።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዘፈንና ፊልም ከኢንተርኔት ያለ ክፍያ ማውረድ ነውር ነው፣ አይደለም የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር ‹‹በእኛ ዘንድ መቅዳት መቼ ነውር ሆኖ ያውቃል?›› የሚል መልስ እሰማለሁ። እሰማለሁ ብቻ አይደለም፤ እኔም ደጋግሜ ብዬዋለሁ። ቀን ቀን በባንክ መስኮት የሰው ብር እቆጥራለሁ፤ በመዝጊያ ሰዓት አንድ ብር ብትጎድል ከኪሴ እተካለሁ። ማታ ግጥም ልጽፍ ስቀመጥ የምከፍተው ፍላሽ ግን ሦስት ሺህ ያህል ዘፈን ይዟል፤ የከፈልኩባቸው ከሃያ አይበልጡም። ስለዚህ ያ መልስ ለእኔ የዋዛ አይደለም። ታሪክ ይደግፈው እንደሆነ ማየት ፈለግሁ።

ከአዝማሪ እንጀምር። በጠጅ ቤት ማሲንቆውን ይዞ የቆመ አዝማሪ ስለ ግጥም ባለቤትነት እምብዛም አይጨነቅም። ስንኙን ከአድማጩ አፍ ይቀበላል፤ ዜማውን ከአባቱ ወርሷል፤ ትናንት ጎንደር የተባለው ዛሬ ደሴ ቢደገም ከሳሽ የለም። ይህ ማለት ግን በነጻ ይዘፍናል ማለት አይደለም። ብሩ እዚያው፣ ዘፈኑ ሳይበርድ፣ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። የሰማ ይሸልማል፤ ሰምቶ ዝም ያለ በግጥም ጎሸም ይደረጋል። ዘፈኑ ከዘፋኙ ተለይቶ የትም ስለማይሄድ ሌላ ጠባቂ አላስፈለገውም። ተሰማ እሸቴ፣ ኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ ግን አዲስ ነገር ሆነ። ድምፅ ያለ ባለቤቱ መጓዝ ጀመረ፤ የሚሸለመው ግንባር ባለበት ቀረ።

ሕጉም ቢሆን ፈጥኖ ለዘፋኙ አልደረሰለትም። በ1940 ዓ.ም. ገደማ የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ ማሳተሙንና ማስመጣቱን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። ማኅበሩ የዘመኑን ዘፈን ለማሳተም ያን ያህል አልቸኮለም። በ1961 ዓ.ም. የ24 ዓመቱ ወጣት አምሃ እሸቴ ድንጋጌውን ወደ ጎን ትተው የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀረጹና ህንድ አገር አሳተሙ። (ሦስት እሸቴዎች በአንድ ገጽ መገናኘታቸውን ልብ ይሏል።) አገር ጥለው እስከወጡበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አወጡ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ‹‹ኢትዮፒክስ›› ብሎ ለዓለም ካሰማው ብዙው የተገኘው ከእነዚህ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ወርቃማው ዘመን የምንለው፣ ቢያንስ ከፊሉ፣ የተቀረጸው ሕግ በመጣስ ነው።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ እሰይ ብዬ ነበር፤ ለፍላሼ ጠበቃ ያገኘሁ መሰለኝ። ሲያድር ልዩነቱ ታየኝ። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት አቶ አምሃ ያፈረሱት በዘፋኙና በአድማጩ መካከል የቆመውን አጥር ነው። ገንዘባቸውን አውጥተው ዘፋኙን አስቀረጹ፤ ስሙን በሸክላው ላይ አሳተሙ። የእኔ መጣስ ማንን ከማን አገናኘ?

ከዚያ ካሴት መጣ። ሸክላን ለማባዛት ፋብሪካ ያሻል፤ ለካሴት ግን ሁለት ካሴት የሚጎርስ ቴፕ ይበቃል። እኛ ቤት ነበረ። አባቴ ከጎረቤት የተዋሰውን ካሴት በግራ፣ ባዶውን በቀኝ ከትቶ ቁልፎቹን ባንድ ላይ ሲጫን ቤተሰቡ በሙሉ ጸጥ ይላል፤ ድምፃችን አብሮ የሚቀዳ ይመስለን ነበር። ባዶ ካሴት ካጣ ደግሞ እንዳይጠፋ የተሰበረውን የአሮጌ ካሴት ጥርስ በፕላስተር ይደፍንና በአንዱ ዘፋኝ ላይ ሌላውን ይቀዳል። ግዝቱን ታስታውሳላችሁ? ይህ እንግዲህ መፋቅ ነው። ሲጨርስ ግን እስክሪብቶውን አውጥቶ የዘፋኙን ስም በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ በካርዱ ላይ ይጽፋል፤ ስም አሳስቶ አያውቅም። አባቴን ሌባ ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም። የዘፋኙ ግንባር ግን ከእኛ ሳሎን እጅግ ሩቅ ነበር፤ ባዶውን ካሴት የሸጠው ነጋዴ ተከፍሎታል፣ ቴፑን የሠራው ፋብሪካ ተከፍሎታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ የድርሰትን ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ለካሴት ዘመን ግን አልበቃም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ካሴቱ ራሱ ለሲዲ ቦታ እየለቀቀ ነበር። አዋጁ የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠብቃል፤ ለከዋኙም 50 ዓመት ይሰጣል። አንቀጽ 9 ላይ ደግሞ፣ ከተወሰኑ ነገሮች በቀር፣ ሰው ለግል ጉዳዩ ብቻ የታተመን ሥራ አንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም ይላል። ሁለተኛ ጠበቃ! በየመንደሩ በብር ‹‹ዘፈን እንጭናለን›› የሚለው ሱቅ በዚህ አንቀጽ አያመልጥም፤ አባቴ ግን ሳያመልጥ አይቀርም። የውጭ ፊልምማ አይነሣ። ኢትዮጵያ ያኔ የበርን ስምምነት አባል ስላልነበረች የሆሊውዱ ሁሉ በየቪዲዮ ቤቱ በጥቂት ብር ሲከራይ ከልካይ አልነበረውም፤ እኔም እንግሊዝኛዬን ያሻሻልኩት በዚያ ነው።

ይህን ደስታዬን ያበላሸው አንድ የቁጠባ ሒሳብ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አንጋፋ ድምፃዊ ታመሙና ለሕክምናቸው ሕዝብ እንዲያዋጣ በስማቸው ሒሳብ ተከፈተ። ስማቸውን አልጠራም። ቀኑን ሙሉ ሰው ወደ መስኮቴ እየመጣ ሃምሳም መቶም ያስገባ ነበር። አንዲት እናት ከመሐረባቸው ጫፍ ፈትተው ብሩን ሲሰጡኝ ‹‹የሐዘኔ ጊዜ እሳቸው ናቸው ያጽናኑኝ፣ የኔ ልጅ›› አሉኝ። ቆጥሬ ማኅተም መታሁ። ገንዘቡ በቅጹ ላይ እርዳታ ይባላል። ሳስበው ግን ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ ግንባር ላይ የሚለጠፍ ሽልማት ነበር፤ ያውም ግንባሩ በትኩሳት ሲነድ። የእኒህ ሰው ሥራ፣ ከመጀመሪያው ካሴት እስከ መጨረሻው፣ ፍላሼ ውስጥ አለ።

በምሳ ሰዓት አንድ የገቢ ቅጽ ወሰድኩና ሞላሁ። በካሴት ዋጋ አባዝቼ ላስላ ብዬ ነበር፤ ቁጥሩ ከወር ደመወዜ ጋር ስለተጣላ ባለኝ ልክ አደረግሁት። ‹‹ምክንያት›› የሚለው መስመር ላይ ሌላው ሰው ሁሉ ‹‹ለሕክምና›› ብሎ ጽፏል። እኔ ‹‹ያለፈ ሒሳብ›› ብዬ ጻፍኩ። ቅጹን ያጸደቀችው ባልደረባዬ ቀና ብላ ‹‹የምን ያለፈ ሒሳብ ነው ደግሞ?›› ብላ ጠየቀችኝ። ከኋላዬ ወረፋ የያዙ ደንበኞች ስለነበሩ ሳልመልስላት ወደ መስኮቴ ተመለስኩ።