ጥንተ አብሶና ጩቡ፤ የኃጢአት አመጣጥ ትምህርት በወለጋ

ክፋት ከየት መጣ? ሰውስ ኃጢአትን የሚሠራው በፈቃዱ ነውን ወይስ ተገዶ? በ5ኛው መቶ ዓመት አውግስጢኖስና ፔላጊዮስ ከተከራከሩበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ጥያቄ የክርስቲያን ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሮአል። በነቀምቴና በአካባቢዋ ከተሞች ግን ሦስት ልዩ ልዩ ትምህርቶች በአንድ አገር ስለ ተገናኙ፣ ነገሩ ከመጽሐፍ ክርክር አልፎ የኑሮ ጥያቄ ሆነ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የቀደመው የኦሮሞ እምነት ሁሉን የፈጠረ አንድ ዋቃ እንዳለ ያስተምራል። ዋቃ ለፍጥረት ሁሉ ሥርዓትን ሰጥቶአል፤ ሥርዓቱን ማክበር «ሳፉ»፣ መተላለፍ ደግሞ «ጩቡ» ይባላል። ስለ ምዕራብ ኦሮሞ ሃይማኖት በ1983 መጽሐፍ ያሳተሙት ሆላንዳዊው ካህን ላምበርት ባርትልስ ይህን አሳብ መርምረዋል። በዚህ እምነት ከዋቃ ጋር የሚቀናቀን የክፋት አለቃ የለም። ስለዚህ በደለኛው «አሳተኝ» ብሎ የሚያመካኝበት ፈታኝ አያገኝም፤ የሚጠበቅበት በደሉን አምኖ ከሰውም ከዋቃም ጋር መታረቅ ነው።

ከእምባቦ ጦርነት (1882) በኋላ የነቀምቴው ገዥ ሞረዳ በከሬ ለምኒልክ ገቡ፤ ልጃቸው ኩምሳም ተጠምቀው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። የኦርቶዶክስ ትምህርትም በአገሩ ተስፋፋ። በዚህ ትምህርት ክፋት በእግዚአብሔር የተፈጠረ ነገር አይደለም። ሳጥናኤል በትዕቢቱ ወደቀ፤ አዳምም ነጻ ፈቃድ ሳለው ትእዛዝን በመተላለፉ ሞት ወደ ዘሩ ሁሉ ደረሰ፤ ይህም «ጥንተ አብሶ» ይባላል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን መጠመቃቸው፣ መጽሐፈ ኩፋሌ አዳምና ሔዋን ወደ ገነት ገቡባቸው ከሚላቸው ቀኖች ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ የተጠማቂው ሕፃን እናት ቀን ስትቈጥር፣ የምትቈጥረው ወደ ገነት የመመለስን ዘመን ነው።

ሦስተኛውን ትምህርት ያመጡት አናሲሞስ ነሲብ ናቸው። በልጅነታቸው ሂካ ይባሉ ነበር፤ ትርጓሜውም «ተርጓሚ» ማለት ነው። ተሰርቀው ከተሸጡ በኋላ በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጡ፤ በ1872 ሲጠመቁም ጳውሎስ ስለ እርሱ ለፊልሞና የጻፈለትን የባሪያውን ስም ያዙ። ከባርነት ነጻ በወጣችው በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱ፤ አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። በ1904 ወደ ነቀምቴ ሲገቡ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሉአቸው።

ያስተማሩአቸው የስዊድን ሉተራውያን የሚከተሉት የ1530 የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ፣ ሰው በዓለማዊ ሥራ መጠነኛ የፈቃድ ነጻነት ቢኖረውም ያለ መንፈስ ቅዱስ እግዚአብሔርን ሊያስደስት አይችልም ይላል። ጳውሎስም ኃጢአትን በባርነት ይመስላል። ይህን ምሳሌ ከተርጓሚዎቹ ይልቅ የሚያውቀው አልነበረም። ነገር ግን ምሳሌው ከሕይወታቸው በአንድ ነገር ይለያል፤ እነርሱ የተሸጡት ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ነው፣ አዳም ግን ራሱን የሸጠው በፈቃዱ ነው። የሚመሳሰሉት በመውጫቸው ነው፤ ሁለቱም ሌላ ነጻ አውጪ አስፈልጎአቸዋል።

በ1906 አናሲሞስ እመቤታችንን ተሳድበዋል ተብለው ተከሰሱና አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ምኒልክም ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቅደው እንዳይሰብኩ አዘዙ። ስብከት የተፈቀደላቸው በ1916 በልጅ ኢያሱ ነው፤ በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ።

ሦስቱ ትምህርቶች ክፋትን በፈጣሪ ላይ ባለማላከካቸው ይስማማሉ፤ የሚለያዩት የወደቀው ፈቃድ እንዴት ይነሣል በሚለው ነው። አንዱ በዕርቅ፣ አንዱ በጥምቀትና በንስሐ፣ አንዱ በእምነት ብቻ በሚገኝ ጸጋ ይላል። ዛሬም የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኃጢአትን «ጩቡ» ይለዋል። ሥርዓትን የተላለፈ ድርጊት ስም የነበረው ቃል አሁን የአዳምን ውድቀት ጭምር ይሸከማል። የወለጋ ክርስቲያን ይህን ቃል ሲናገር፣ የአባቶቹ ሳፉና የገነት ታሪክ በአንድነት ይጠይቁታል፤ መልሱም ከራሱ ፈቃድ ይጠበቃል።