የኮምፒዩተር መፈለጊያ ሳጥን የኢንተርኔት ውጤት እንዳያሳይ ስለማድረግ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በስፋት አገልግሎት ላይ በዋለው የዊንዶውስ ኮምፒዩተር ስክሪን ግርጌ የሚገኘው የመፈለጊያ ሳጥን በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠን ፋይል ወይም ፕሮግራም ፈልጎ ለማውጣት የተዘጋጀ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ የሳጥኑ ሥራ ከዚህ የሰፋ ሆኗል። ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ከሆነ ተጠቃሚው መጻፍ እንደጀመረ ፊደላቱ ቢንግ ወደተባለው የማይክሮሶፍት የፍለጋ አገልግሎት ይላካሉ። ከዚያ የሚመለሱት የድረ ገጽ ጥቆማዎችም ከመሥሪያ ቤቱ ሰነዶች ጋር ተቀላቅለው ይደረደራሉ።

ጉዳዩ የዓይን ምቾት ብቻ አይደለም። የሰው ሀብት ባለሙያው የአንድን ሠራተኛ የዲሲፕሊን ሰነድ ለማግኘት ስሙን ከነአባቱ ስም ይጽፋል። የግዥ ባለሙያው ገና ያልወጣ ጨረታን ርዕስ፣ የሕግ ክፍል ኃላፊው ደግሞ በክርክር ላይ ያለ ባለጉዳይን ስም ይጽፋሉ። ሦስቱም የፈለጉት በእጃቸው ያለ ሰነድ ነው። ፋይሉ ራሱ በዚህ ምክንያት ከመሥሪያ ቤቱ አይወጣም፤ የሚወጣው የፍለጋው ቃል ነው። ቃሉ ግን ብቻውን መሥሪያ ቤቱ በማን ወይም በምን ጉዳይ ላይ እየሠራ እንደሆነ ሊያመለክት ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰቦች መረጃ ከአገር ውጭ በሚተላለፍበት ሁኔታ ላይ ገደብ ያስቀመጠ በመሆኑ፣ ይህ አሠራር የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍሎችን ብቻ ሳይሆን የሥራ ኃላፊዎችንም የሚመለከት ነው።

ከምስጢራዊነት ሌላ የሥራ መስተጓጎልም አለ። ጥር 27 ቀን 2012 ዓ.ም በዓለም ዙሪያ በርካታ የዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች የመፈለጊያ ሳጥኑን ሲከፍቱ የታያቸው ባዶ ገጽ ነበር። በገዛ ኮምፒዩተራቸው ያለውን ፋይል እንኳ በሳጥኑ አማካይነት ማግኘት አልቻሉም። መንስኤው በኮምፒዩተሮቹ ላይ የደረሰ ብልሽት ሳይሆን በማይክሮሶፍት ሰርቨሮች በኩል ያጋጠመ ችግር ነበር። ችግሩ በዚያው ዕለት መፍትሔ ቢያገኝም፣ ቀድመው ሳጥኑን ከቢንግ ያለያዩ ባለሙያዎች ፍለጋቸው ወዲያውኑ ተመልሶ ሠርቶላቸዋል። በጠረጴዛ ላይ ያለን ሰነድ ለማግኘት የሌላ አገር ሰርቨርን ጤንነት መጠበቅ እንደማይገባ ያን ዕለት በግልጽ ታይቷል።

የኢንተርኔት ውጤት በዊንዶውስ የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ የገባው በ2006 ዓ.ም ከወጣው ዊንዶውስ 8.1 ጀምሮ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም ለአገልግሎት የበቃው ዊንዶውስ 10 ሳጥኑን ከስክሪኑ ግርጌ አስቀምጦ ልማዱን አጠናከረው። መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱን ለማጥፋት የሚያስችል ቀላል መምረጫ የነበረ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም መጨረሻ በወጣው ማሻሻያ ግን ተነሥቷል። ድርጊቱ የማይክሮሶፍት ብቻ አልነበረም። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ እትም በ2005 ዓ.ም የተጠቃሚዎችን የፍለጋ ቃል ለአማዞን የግብይት ጥቆማ ማዋል ጀምሮ ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው፣ በ2008 ዓ.ም በወጣው እትሙ አገልግሎቱ ተጠቃሚው ካልፈቀደ በቀር እንዳይሠራ አድርጓል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚፈልግ ተጠቃሚ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያመራው ሴቲንግስ ወደተባለው የማስተካከያ ገጽ ነው። በዊንዶውስ 11 ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ በሚለው ክፍል ሥር ፍለጋን የሚመለከቱ በርካታ መምረጫዎች ይገኛሉ። እነዚህ ግን ያሳስታሉ። ሴፍ ሰርች የሚለው ለዕድሜ የማይመጥኑ ምስሎችንና ጽሑፎችን ብቻ ያጣራል። ክላውድ ኮንተንት ሰርች የሚለው ተጠቃሚው በኢንተርኔት ማከማቻ ያስቀመጠውን የራሱን ሰነድና ኢሜይል ይመለከታል። ሰርች ሃይላይትስ የሚለው ደግሞ በሳጥኑ ውስጥ የሚታዩትን የዕለቱን ሥዕሎችና ዜናዎች ያስወግዳል። ሦስቱንም ያጠፋ ሠራተኛ ሥራውን የጨረሰ ሊመስለው ይችላል፤ የጻፈው ቃል ግን ወደ ቢንግ መሄዱን አያቆምም። በአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ መሠረት ማይክሮሶፍት እስከ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም ማሟላት ከነበረበት ግዴታ የተነሣ፣ የዚያ አካባቢ ተጠቃሚዎች የቢንግን የድረ ገጽ ፍለጋ ከኮምፒዩተራቸው ላይ ማንሣት ይችላሉ። ይህ ምርጫ ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ ሲዘጋጅ በተመዘገበው አገር ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ኢትዮጵያ ተብሎ በተመዘገበ ኮምፒዩተር ላይ አይገኝም።

ዘላቂው መንገድ ግሩፕ ፖሊሲ የተባለው የአስተዳደር መሣሪያ ነው። መሣሪያው በፕሮፌሽናል፣ በኢንተርፕራይዝና በኤዱኬሽን እትሞች ላይ ይገኛል። የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያለው ባለሙያ መሣሪያውን ከፍቶ ዩዘር ኮንፊገሬሽን፣ ቀጥሎ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ከዚያም ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ፣ በመጨረሻም ፋይል ኤክስፕሎረር የሚሉትን ተራ በተራ ይከፍታል። በዚያ ከተዘረዘሩት መመሪያዎች መካከል «ተርን ኦፍ ዲስፕሌይ ኦፍ ሪሰንት ሰርች ኢንትሪስ ኢን ዘ ፋይል ኤክስፕሎረር ሰርች ቦክስ» የሚለውን መርጦ «ኤኔብልድ» ያደርገዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የመመሪያው ስም ስለ ኢንተርኔት አንዳች አያነሣም፤ የሚናገረው የቀድሞ ፍለጋዎችን ስለመደበቅ ነው። ከዚህም በላይ ስሙ ራሱ «አጥፋ» የሚል በመሆኑ፣ ማጥፋት የፈለገ ሰው «ዲስኤብልድ» የሚለውን ከመረጠ የሚያገኘው የተገላቢጦሹን ነው። መመሪያው ሥራ ላይ ሲውል በፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ቀደም ሲል የተፈለጉ ቃላት ዝርዝርም አብሮ ይቀራል። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒዩተር ላይ ይህ እንደ ጉዳት ሳይሆን እንደ ጥቅም ሊቆጠር ይገባል።

በኮምፒዩተር ኮንፊገሬሽን ሥር፣ ሰርች በሚለው ክፍል ውስጥ የድረ ገጽ ውጤት እንዳይታይ በግልጽ የሚያዝ ሌላ መመሪያም አለ። እንደ ዊንዶውሱ እትም ብቻውን ውጤት የማያመጣበት ጊዜ ስላለ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማዘዝ ይመረጣል። ኮምፒዩተሮቹ በአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር የሚተዳደሩበት መሥሪያ ቤት ትእዛዙን አንድ ጊዜ ከሰርቨሩ አስተላልፎ በሁሉም ላይ ተፈጻሚ ማድረግ ይችላል።

ግሩፕ ፖሊሲ በሌለው የሆም እትም ላይ ለውጡ የሚደረገው በሬጅስትሪ ነው። ባለሙያው አስቀድሞ የሬጅስትሪውን ቅጂ ያስቀምጣል። ከዚያም በኤችኬይ ከረንት ዩዘር ሥር ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ የሚሉትን ተከትሎ ይገባና ኤክስፕሎረር የሚባል ክፍል ከሌለ ይፈጥራል። በውስጡም «ዲስኤብል ሰርች ቦክስ ሰጀስሽንስ» የተባለ ባለ 32 ቢት ዲወርድ ከፍቶ ዋጋውን 1 ያደርጋል። ስሙ በላቲን ፊደል፣ በቃላቱ መካከል ክፍተት ሳይተው መጻፍ አለበት። ይህ ለውጥ የሚሠራው በተደረገበት የተጠቃሚ አካውንት ላይ ብቻ ነው። በመሆኑም ባለሙያው ሬጅስትሪውን በራሱ የአስተዳዳሪ አካውንት ከፍቶ ካስተካከለ፣ የተስተካከለው የእርሱ አካውንት እንጂ የሠራተኛው አይደለም። «ሠርቼው ነበር፤ አልሠራም አለ» የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ለውጡ ከተደረገ በኋላ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ያስፈልጋል። ለማረጋገጥም ኢንተርኔቱ እንደተገናኘ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሌለ አንድ ቃል በሳጥኑ ይጻፋል። የድረ ገጽ ጥቆማ ከመጣ ለውጡ አልሠራም፤ ምንም ውጤት እንዳልተገኘ ከተገለጸ ሠርቷል። የማይክሮሶፍት ዐበይት ማሻሻያዎች የሳጥኑን አሠራር ደጋግመው የለወጡ በመሆናቸው ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ ሙከራውን መድገም ተገቢ ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ያበቃ ስለሆነ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 የሚሸጋገሩ መሥሪያ ቤቶች ይህን ማስተካከያ በአዲሱ ዝግጅት ውስጥ ከመጀመሪያው ቢያካትቱት ሥራው ይቀልላቸዋል።

የኢንተርኔቱ ውጤት ከተወገደ በኋላ ሳጥኑ በአማርኛ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶችን አያገኝም የሚል ቅሬታ ሊነሣ ይችላል። ይህ ከማስተካከያው ጋር ግንኙነት የለውም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ይሠራባቸው በነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተዘጋጁ ሰነዶች ፊደላቸው ለዓይን አማርኛ ቢመስልም በኮምፒዩተሩ ዘንድ የተመዘገቡት በሌላ መለያ ነው። ሳጥኑ በዩኒኮድ የተጻፈን ቃል ይዞ በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ ቢፈልግ አያገኝም። ሰነዶቹ ወደ ዩኒኮድ እስኪለወጡ ድረስ፣ ቢያንስ የፋይሎቹን ስም በዩኒኮድ አማርኛ እንደገና መሰየም በስማቸው እንዲገኙ ያስችላል።