«ያገገሙ» የሚለው ዓምድ

በኮቪድ ሰሞን ጤና ሚኒስቴር በየቀኑ የሚያወጣውን ሪፖርት ታስታውሳላችሁ? የተመረመሩ፣ የተያዙ፣ ያገገሙ፣ የሞቱ። ውሎዬ ከዳታቤዝ ጋር ስለሆነ መሰለኝ፣ ዓይኔ የሚያርፈው «ያገገሙ» ላይ ነበር። እዚያ የገባ ሰው ፋይሉ ተዘጋ ማለት ነው። ሕመሙስ አብሮ ይዘጋል?

ጥያቄው የቆየ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ክረምት ለንደን በሚገኘው ሮያል ፍሪ ሆስፒታል አንድ ያልታወቀ በሽታ ገባ። የታመሙት በብዛት የሆስፒታሉ የራሱ ሰዎች ነበሩ፤ ሐኪሞችና ነርሶችን ጨምሮ 292 ሠራተኞች። ሆስፒታሉ ለሁለት ወር ከምናምን ተዘጋ። ቫይረስ ነው ተብሎ ቢጠረጠርም አልተገኘም። ገሚሶቹ ቶሎ ዳኑ፤ ሌሎቹ ግን ጡንቻቸው እየዛለ፣ ድካሙ አልለቅ እያላቸው ቀሩ። በ1970 እ.ኤ.አ. ሁለት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ታማሚዎቹን ሳያዩ መዝገብ ብቻ አገላብጠው «የጅምላ ሂስቴሪያ ነው» አሉ። አንዱ ማስረጃቸው ምን ነበር? ከታመሙት የሚበዙት ሴቶች መሆናቸው!

ወደ እኛ እንምጣ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያጠቃ ራስ ተፈሪም ታመው ተነሥተዋል። ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ እያቃጠልን ሰፈሩን የምናጥነው በዚያ ምክንያት ነው። ጭሱ የሞቱትን ያስታውሰናል። ከአልጋ ተነሥቶ እንደ ድሮው መሥራት ላቃተው ግን የተሰጠ ቀን የለም።

መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባት ሲጀመር ቅድሚያ ያገኙት የጤና ባለሙያዎች ነበሩ፤ ለበሽታው ከማንም በላይ ቅርብ ናቸውና። በ2014 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከኮቪድ በኋላ ለሚቀረው ሕመም ትርጉም አወጣለት፦ በተያዙ በሦስት ወር ገደማ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይ፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት። ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የሐሳብ መደናገር።

አሁን ምሥራቅ ጎጃም፣ አማኑኤል ዙሪያ ያለውን ገጠር አስቡ። አንድ ጤና ኬላ ላይ በተለምዶ የሚመደቡት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ሥራው በእግር፣ ቤት ለቤት ነው። ከሁለቱ አንዷ ዳገት መውጣት ቢያቅታት የቀበሌው አገልግሎት በግማሽ ጎደለ ማለት አይደል? በመዝገቡ ግን እሷ «አገግማለች»።

የግል ክሊኒክ ነርስ ብትሆንስ? በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃዷ በዓመት ውስጥ ቢበዛ ስድስት ወር ነው፦ አንዱ በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱ በግማሽ፣ ሦስቱ ያለ ክፍያ። ሕጉ የሚያውቀው መጨረሻ ያለውን ሕመም ነው። ለሚሄድ ለሚመጣ ድካም ግን ስድስት ወር ምኑም አይደል።

እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን፤ ቅጹ ላይ ቦታ ያልተሰጠው ነገር እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። ስለዚህ «አገገመች?» ብሎ መዝጋት አይበቃም። በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛው ወር ተመልሶ «ሥራሽን እንደ በፊቱ ትሠሪያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ መስመር ይጨመር። ስታክመን ለታመመች ሴት ይህ ብዙ አይደለም።