የታችኛው መንጋጋ ወደፊት መውጣት፦ ምንነቱ፣ መንስኤውና በላስታ ደጋማ አካባቢ የሚታረምበት ወቅት

የታችኛው መንጋጋቸው ከላይኛው ቀድሞ ወደፊት የወጣ ሰዎች በየአካባቢው ይገኛሉ። በላሊበላ ከተማና በዙሪያው ባሉት የላስታ ደጋማ ቀበሌዎችም ሁኔታው በአብዛኛው የሚታየው እንደ ቤተሰብ መልክ ነው። አንድ ልጅ አገጩ ወጣ ብሎ ሲያድግ “አያቱን ወርሶ ነው” ይባልና ይታለፋል። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ሆኖም በዘር የመጣ ሁሉ የማይታረም ነው ማለት አይደለም። በልጅነት ከተደረሰበት ያለ ቀዶ ሕክምና ሊስተካከል የሚችለው ጉድለት፣ ጊዜው ካለፈ የመንጋጋ አጥንት እስከመቁረጥ የሚያደርስ ሕክምናን ይጠይቃል።

በጤናማ ንክሻ የላይኛው የፊት ጥርሶች የታችኞቹን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፊት ሆነው ይሸፍናሉ። ይህ ተገልብጦ የታችኞቹ ከፊት ሲሆኑ የተገላቢጦሽ ንክሻ ተፈጥሯል ይባላል። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤድዋርድ አንግል እ.ኤ.አ. በ1899 ባወጣውና እስከዛሬ በሚሠራበት አመዳደብ ከሦስተኛው መደብ ውስጥ ይካተታል። ጥርሳቸው በእርጅና ያለቀ አረጋውያን አገጭ ወደፊት የወጣ መስሎ መታየቱ ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ጉድለቱ ከውጭ አንድ ዓይነት መስሎ ቢታይም መነሻው ይለያያል። አንዳንዱ ልጅ መንጋጋው ደህና ሆኖ የበቀሉት ጥርሶች ብቻ ያዘነበሉበት ነው። ሌላው ጥርሶቹ ሲገጥሙ ስለሚጋጩበት ምቾት ፍለጋ መንጋጋውን ወደፊት አንሸራቶ ይነክሳል። ከባዱ ዓይነት አጥንቱ ራሱ ያልተመጣጠነበት ነው፤ የታችኛው መንጋጋ ከመጠን በላይ አድጓል፣ ወይም የላይኛው ወደኋላ ቀርቷል፣ ወይም ሁለቱም ሆነዋል። የታችኛው መንጋጋ “ወጣ” በሚባልባቸው ብዙ ሰዎች ላይ በእርግጥ ያጠረው የላይኛው መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ የሕክምናው አቅጣጫ የሚወሰነው በዚህ ልዩነት ነውና።

ከመንስኤዎቹ ዋነኛው ዘር ነው። በአውሮፓ ለብዙ ትውልድ የነገሠው የሀብስበርግ ቤተሰብ በዚሁ የመንጋጋ ቅርጽ ከመታወቁ የተነሳ ቅርጹ በስሙ እስከመጠራት ደርሷል። ከንፈራቸውና ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ሕፃናትም ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ የላይኛው መንጋጋቸው በሚፈለገው መጠን ላያድግ ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋቸዋል። በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና ከሚታወቁት ተቋማት አንዱ በአዲስ አበባ የሚገኘው የየካቲት 12 ሆስፒታል ነው። በአንጻሩ ዕድገቱን በጨረሰ ሰው ላይ አገጭ እንደገና ማደግ ከጀመረ፣ የእጅና የእግር መጠንም ከጨመረ፣ ጉዳዩ ከጥርስ ሐኪም ይልቅ የውስጥ ደዌ ሐኪምን ይመለከታል፤ በአንጎል ሥር ያለችው የፒቱታሪ ዕጢ የዕድገት ሆርሞንን ከልክ በላይ ማመንጨቷን ሊያመለክት ይችላልና።

ችግሩ በአካባቢው ሳይስተዋል የሚቆይበት አንዱ ምክንያት የአመጋገብ ሥርዓታችን ይመስላል። እንጀራ በእጅ ተቆርሶ ስለሚጎረስ የፊት ጥርስ የመቁረጥ ሥራው ጥቂት ነው፤ የላስታ ገብስ ቆሎም የሚፈጨው በኋላ ጥርስ ነው። ልጁ በፊት ጥርሱ መቁረጥ አለመቻሉ የሚታወቀው የበቆሎ እሸት ሲግጥ ወይም ሥጋ ሲቦጭቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ጥርሶች እርስ በርስ እየተፋጩ ይበላሉ፣ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ድድ ይሸሻል፣ አንዳንድ ፊደላትን አጥርቶ መናገር ያስቸግራል። በትምህርት ቤት የሚደርሰው መሳለቅም ቀላል ጉዳት አይደለም።

ባለሙያዎች አንድ ልጅ 7 ዓመት ሲሞላው ንክሻው እንዲታይ ይመክራሉ። ይህ ዕድሜ ልጁ አንደኛ ክፍል የሚገባበት፣ የወላለቁትንም የወተት ጥርሶች ጣሪያ ላይ እየወረወረ አዲሶቹን የሚጠብቅበት ወቅት በመሆኑ ለመምህራንም ሆነ ለወላጆች አመቺ ነው። አስተያየቱ መሣሪያ አይጠይቅም። ልጁ ምራቁን ውጦ የኋላ ጥርሶቹን እንዲገጥም ይደረግና ከንፈሩ ገለጥ ተደርጎ የፊቶቹ ይታያሉ። ከዚያም የምላሱን ጫፍ ወደ ላንቃው አጥፎ ቀስ ብሎ እንዲነክስ ይነገረዋል። በዚህ ጊዜ የፊት ጥርሶቹ ጫፍ ለጫፍ ተነካክተው ከዚያ በኋላ መንጋጋው ወደፊት የሚንሸራተት ከሆነ፣ ጉድለቱ ከቀላሉ ወገን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቁርጡን የሚያሳውቀው ግን የሐኪም ምርመራና የራስ ቅል የጎን ራጅ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጥርስ ሰልፍ ሲነሳ ሊታለፍ የማይገባው “ግግ ማውጣት” የሚባለው ልማድ ነው። ሕፃኑ ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ እብጠት የበሽታው ምንጭ ተደርጎ ይወሰድና በስለት ወይም በጋለ ብረት ይወጣል። እብጠቱ ግን ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነው። ድርጊቱ በራሱ የታችኛውን መንጋጋ ወደፊት አያስወጣም፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ክራንቻ ግን ሊያበላሽ ወይም ጨርሶ ሊያጠፋ ይችላል። ጎረቤት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ይሸሻሉ፣ የፊት ጥርሶች መሐል መስመርም ይዛባል። የንክሻ ጉድለት ያለበት ልጅ ይህ ተጨምሮበት ሲመጣ ለሐኪሙ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ይህንኑ ጉዳት አሳይተዋል። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በሕይወት፣ በአካልና በጤና ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን በአንድ ምዕራፍ ደንግጓል። በየገጠር ቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ጎጂ ልማዶችን የማስቀረት ኃላፊነት አለባቸው።

ወደ ሕክምናው ስንመለስ፣ የጥርስና የመንጋጋን ሰልፍ የሚያርመው ሐኪም ኦርቶዶንቲስት ይባላል። ያዘነበሉ ጥቂት ጥርሶችን ለመመለስ ከላንቃ ጋር የሚገጠምና የሚወልቅ ባለሽቦ መሣሪያ በጥቂት ወራት ውስጥ ይበቃል። የላይኛው መንጋጋ ወደኋላ ለቀረበት ልጅ የሚሰጠው የፊት ጭምብል ነው። በፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ዴሌር አማካይነት የተስፋፋው ይህ መሣሪያ ግንባርና አገጭን ተደግፎ የላይኛውን መንጋጋ በላስቲክ ወደፊት ይስባል፤ ብዙውን ጊዜም ላንቃን ከሚያሰፋ መሣሪያ ጋር ይጣመራል። በቀን ከ12 ሰዓት ያላነሰ ጊዜ፣ ይኸውም ከትምህርት መልስና ሌሊቱን፣ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይደረጋል። ውጤቱ የሚያምረው ከ10 ዓመት በፊት ሲጀመር ነው፤ ከዚያ በኋላ የአጥንቱ መጋጠሚያ እየጠነከረ ይሄዳል። ሆኖም የታችኛው መንጋጋ በጉርምስና ወቅት እንደገና ሊያመልጥ ስለሚችል፣ በሚገባ የታከመ ልጅም ኋላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው እንደሚችል ለወላጆች አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው።

ከጉርምስና በኋላ ያለው አማራጭ ሁለት ነው። ልዩነቱ መጠነኛ ሲሆን በየጥርሱ ላይ በሚጣበቅ ማሰሪያና ሽቦ ጥርሶቹን በማዘንበል አጥንቱ ሳይነካ ንክሻው እንዲገጥም ይደረጋል። ይህም በአብዛኛው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን ዕድገት እስኪያበቃ፣ በተለይም ለወንዶች እስከ 18 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ተጠብቆ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ሁጎ ኦብቬጌዘር የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባስተዋወቁት ዘዴ የታችኛው መንጋጋ በግራና በቀኝ ተሰንጥቆ ወደኋላ ይመለሳል፤ የላይኛውም ወደፊት ሊወጣና በብረት ሳህን ሊታሰር ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ሽቦው አይቀርም። የታችኛው ከንፈር መደንዘዝ ከሚታወቁት ጉዳቶቹ አንዱ ነው።

ሽቦ ያደረገ ሰው ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳና አጥንት መጋጥ መተው ይኖርበታል፤ የተጣበቀው ማሰሪያ በአንድ ፍሬ ባቄላ ሊነቀል ይችላልና። የወይራ መፋቂያም በሽቦው ሥር ስለማይደርስ በብሩሽና በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ማጽዳት ግዴታ ነው። ሽቦው ከወለቀ በኋላ ጥርሶቹ ወደ ነበሩበት እንዳይመለሱ ደጋፊ መሣሪያ ለረጅም ጊዜ ይደረጋል።

ትልቁ ወጪ፣ በጸሐፊው እምነት፣ መንገዱ ነው። በዞን ደረጃ የሚሰጠው የጥርስ አገልግሎት በአብዛኛው በመንቀልና በመሙላት ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ ኦርቶዶንቲስቶች ቁጥራቸው ጥቂት ሆኖ የሚበዙት በአዲስ አበባ ነው። ከላሊበላ አዲስ አበባ በየብስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ያለ አርሶ አደር ደግሞ አስቀድሞ ላሊበላ ለመድረስ በእግሩ መጓዝ አለበት። ክትትሉ በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ በመሆኑ ሕክምናውን የሚያቋርጠው አብዛኛውን ጊዜ ጉዞው ነው። ስለሆነም ከሁሉ በፊት ልጁ ባለሙያው ባለበት ከተማ የሚያርፍበት ዘመድ መኖሩን ማረጋገጥ ይጠቅማል።

በማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ረገድም ሪፈር የሚጽፍ የጤና ጣቢያም ሆነ የሆስፒታል ባለሙያ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። መድህኑ ለውበት ሲባል የሚደረግ ሕክምናንና ሰው ሠራሽ ጥርስን አይሸፍንም። በወረቀቱ ላይ “የመልክ ጉድለት” ተብሎ ብቻ የተላከ ልጅ እዚያው ሊመለስ ይችላል። በመሆኑም የማኘክና የመናገር እክሉ፣ የጥርስና የድድ ጉዳቱ፣ እንዲሁም የልጁ ትክክለኛ ዕድሜ በዝርዝር ተመዝግቦ መሄድ አለበት።