ከድንጋዩ በላይ

አደጋ በሚበዛበት ቦታ መኖር ሞኝነት ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔም ቀድሞ እንዲሁ አስብ ነበር፤ የጃፓንን ታሪክ ከተመለከትሁ በኋላ ግን አሳቤን ለወጥሁ። ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ሳንሪኩ የሚባል የባሕር ጠረፍ አለ። የብዙው ሕዝብ እንጀራ ከባሕር ነው። ዳሩ ግን ከባሕሩ በታች ምድር በተናወጠች ጊዜ፣ የመገበው ባሕር ራሱ ተነሥቶ ይውጠዋል። በ1896 ወደ 22,000፣ በ1933 ደግሞ ወደ 3,000 ሰው አለቀ።

ከዚህ በኋላ አኔዮሺ የምትባል የአንዲት ትንሽ መንደር ሰዎች ወደ ኮረብታው ወጥተው ሠፈሩ። ከዚያ በታች ማንም ቤት እንዳይሠራ የሚከለክል ቃልም በድንጋይ ቀርጸው አቆሙ። ልጆቻቸውም ቃሉን ጠበቁ። በ2011 ማዕበሉ ተመልሶ ሲመጣ በአገሩ ወደ 18,500 ሰው ሞተና ጠፋ፤ አኔዮሺ ላይ ግን ውሃው ድንጋዩ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ቤቶቹም ዳኑ። በሌሎች መንደሮችም እንዲህ ያለ ድንጋይ ነበረ፤ ነገር ግን ዘመን ሲርቅ ሰው እየረሳ ወደ ታች ወርዶ ሠራ።

ድሀን እንጀራ የሚያገኝበትን ቦታ ልቀቅ ቢሉት ወዴት ይሄዳል? ይኑር፤ ነገር ግን የአደጋውን ወሰን ዐውቆ ይኑር። ወጣቶች ሆይ፤ ጎጆ ከመቀለሳችሁ በፊት ጎርፉ እስከ የት ደርሶ እንደ ነበረ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ለልጆቻችሁ ንገሩ።