ቶራ መስክና ሰገሌ፤ የሁለት ተዋጊ ወገኖችን ኃይል ስለ ማመዛዘን

ጣርማ በር የሸዋን ደጋ ከምሥራቁ ቆላ የሚለይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የገደል አፋፍ ነው። ከዚያ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ተማሪ፣ ከወሎ የሚዘምት ሠራዊት ከአገሩና ከስንቁ እንዴት እንደሚርቅ ያለ ካርታ ይረዳል። የ1909 ዓ.ም. የእርስ በርስ ጦርነት በክፍል ውስጥ ሲተረክ ግን የሁለቱ ወገኖች ኃይል ብዙውን ጊዜ በሰው ብዛት ብቻ ይመዘናል። ይህ መለኪያ ውጤቱን አያስረዳም።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲሻሩ፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ሠራዊቱ ብዙ፣ አዛዡም አንድ ነበር። በአንጻሩ የሸዋ መኳንንት ጦር ገና በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትኖ ነበር። ራስ ልዑል ሰገድ ቶራ መስክ ላይ ቀድመው ገጠሙ፤ እርሳቸውም ወደቁ፣ ጦራቸውም ተደመሰሰ። በዚያች ዕለት ሰው ብቻ የቆጠረ ድሉን ለወሎ በሰጠ ነበር።

ነገር ግን ንጉሥ ሚካኤል ድላቸውን ተከትለው ወዲያው ወደ አዲስ አበባ አልገሠገሡም። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የሽምግልና መልክ ባለው መልእክት ጊዜ ገዙ፤ የሸዋም ጦር ተሰበሰበ። ልጅ ኢያሱም ሚኤሶ ላይ ጦራቸው ስለ ተመታ ወደ አፋር በረሃ አፈገፈጉ፤ አባትና ልጅ ኃይላቸውን ማስተባበር ሳይችሉ ቀሩ። ጥቅምት 17 ቀን፣ ልጅ ኢያሱ በተሻሩ በ30ኛው ቀን፣ በሰንዳፋ አቅራቢያ ሰገሌ ላይ የወሎ ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሡም ተማረኩ።

ስለዚህ መምህሩ ከሰው ብዛት ጎን አራት መለኪያዎችን ማስቀመጥ ይገባዋል። እነርሱም ጊዜ፣ የስንቅ ርቀት፣ የጦር ቅንጅትና ሕጋዊነት ናቸው። በመጨረሻው ረገድ ሸዋዎች ዋና ከተማውን ይዘው ነበር፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ለልጅ ኢያሱ ከገባው መሐላ ፈትተውት ነበር።

ሚዛኑ ግን በዚህ አይሞላም። ንጉሥ ሚካኤልና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የዘመቱ ሰዎች ናቸው። የተሻሩትም ልጅ ኢያሱ የዳግማዊ ምኒልክ የልጅ ልጅ ነበሩ። ከጣርማ በር ወዲህና ወዲያ ባሉ ትምህርት ቤቶች የሁለቱም ወገን ዘማቾች ልጅ ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ። ትምህርቱ አሸናፊውን በማወደስ ቢያበቃ ከእነርሱ አንዱን ያስቀይማል። መምህሩ ሁለቱም ወገን ምን እንደ ነበረውና ምን እንዳጣ ካስመረመረ ግን፣ ሁለቱም ተማሪዎች ስለ አንድ አገር ጉዳት ይማራሉ።